«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ቃል ያለበት የሞት አደጋ፦ መንስኤው እንዴት ይጣራል?

ጀማሪ ጠበቃ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የትራፊክ አደጋ መዝገብ ላይ የቴክኒክ ጥያቄ ገጥሞኛል፤ ቦታውንና ሰዎቹን አልጠቅስም።

አሸዋ የጫነ ባለ አሥር ጎማ ገልባጭ ቁልቁለት ሲወርድ ከፊቱ የነበረን ሚኒባስ ከኋላ ገጭቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ቀን ነው፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ተዳፋቱ 7 በመቶ ነው። የሾፌሩ ቃል «ፍሬን እምቢ አለኝ» ከማለት አያልፍም። የአደጋው ፕላን 36 ሜትር የፍሬን ምልክት ያሳያል። የተሽከርካሪ ምርመራው «በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ፍሬኑን መሞከር አልተቻለም» ብሎ ተዘግቷል። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ከ36 ሜትሩ ተነሥቶ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነበር የሚል ስሌት አቅርቧል።

ፍሬኑ እምቢ ካለ 36 ሜትር ምልክት ከየት መጣ? 80 የሚለው ቁጥር ይታመናል? መኪናው እስካሁን በፖሊስ ግቢ ቆሟል፤ አሁን ሊታይ የሚችል ነገር ቀርቶለታል?

ፕላን አንሺ

ከ80ው ልጀምር። ቀመሩ የታወቀው ነው፤ 254ን በሰበቃ መጠንና በምልክቱ ርዝመት አባዝቶ የውጤቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ። 254 × 0.7 × 36 ሲባዛ 6,401 ገደማ ይሆናል፣ ስኩዌር ሩቱ 80። ቀመሩ ላይ ጥል የለኝም። ጥሉ ከ0.7 ጋር ነው።

0.7 ለቤት መኪና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የሚያዝ ግምት ነው። የከባድ መኪና ጎማ ላስቲኩ ጠንካራ፣ የአየር ግፊቱም ከፍ ያለ ስለሆነ ከዚያ ውስጥ ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ለሾፌሩ የማይጠቅመውን ከፍተኛውን እንውሰድና 0.56 እንበል። ቀጥሎ ቁልቁለቱ አለ። የራሱ ክብደት መኪናውን ወደ ታች ስለሚገፋው 0.07 ይቀነሳል፣ 0.49 ይቀራል። 254 × 0.49 × 36 ሲባዛ 4,481፣ ስኩዌር ሩቱ 67። አንድ መስመር ስሌት ውስጥ 13 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጠፋ ማለት ነው።

ባለሙያው 0.7ን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ከመጽሐፍ ከሆነ አንድ ነገር ነው። በቦታው ሙከራ አድርጎ ከሆነ ሌላ ነው። ለምሳሌ በፒክአፕ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ 9 ሜትር ከተንሸራተተ 1,600ን ለ(254 × 9) ማካፈል ነው፤ 0.7 ይመጣል። ግን ሙከራው በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው አቅጣጫ ከተደረገ ተዳፋቱ በውጤቱ ውስጥ ገብቷል፤ እንደገና 0.07 መቀነስ ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ይህን ስሕተት በሁለቱም ወገን ያሉ ባለሙያዎች ይሠሩታል።

67ቱም ቢሆን በመንሸራተቱ ብቻ የጠፋው ፍጥነት ነው። መኪናው ምልክቱ ማብቂያ ላይ አልቆመም፣ ሚኒባሱን ገጭቷል። የግጭቱ ፍጥነት ከሚኒባሱ መጨማደድና ከተወረወረበት ርቀት በሌላ ስሌት ይወጣል። ሁለቱ ግን አይደመሩም። የእያንዳንዱ ስኩዌር ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። 67 እና 30 ቢሆኑ መነሻው 97 ሳይሆን 73 ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ይህ ሁሉ ስሌት ሁሉም ጎማዎች ቆልፈው ተንሸራተዋል ብሎ ይነሣል። ፕላኑ ላይ ስንት መስመር ተሥሏል? የየትኛው ጎማ ነው? እየጠቆረ የሚሄድ ነው ወይስ ከመጀመሪያው እኩል? ቀጥ ያለ ነው ወይስ የሚታጠፍ? የሚታጠፍና ውስጡ ሰያፍ ጭረት ያለው ከሆነ የፍሬን ምልክት አይደለም፣ መኪናው ወደ ጎን ሲንሸራተት የተወው ነው። ያኔ ቀመሩም ይለወጣል። «36 ሜትር» ብቻ የሚል ፕላን ግማሽ ፕላን ነው።

ታምቡር

ወንድሜ፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» መንስኤ አይደለም፣ አቤቱታ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናው አልያዘለትም፣ እሱ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ለምን አልያዘም የሚለውን ብረቱ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ነገር እናፍርስ። «አየር አለቀብኝ፣ ስለዚህ ፍሬን የለኝም» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ይሰጣል። በአየር በሚሠራ ከባድ መኪና ላይ የኋላ ቻምበሮች (በአየር ግፊት ፍሬኑን የሚገፉት ክብ ጣሳዎች) ውስጥ ትልቅ ሞላ (ስፕሪንግ) አለ። አየር ይህን ሞላ ጨምቆ ይይዘዋል። አየር ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና ፍሬኑን ራሱ ይይዛል። ግፊቱ ወደ 4 ባር ገደማ ሲወርድ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ወይም መብራት ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ሲሄድ ሞላው መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ አየሩ ያለቀበት ጤነኛ መኪና ይቆማል እንጂ አይሮጥም። አየር አልቆ ከሮጠ ወይ ሞላው ተሰብሯል፣ ወይ ሰው አስሮታል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አየር እያለ መኪናው የማይይዝባቸው ሁለት ትልልቅ ምክንያቶች ሙቀትና ያልተስተካከለ ፑሽሮድ (ከቻምበሩ ወጥቶ ፍሬኑን የሚገፋው ዘንግ) ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ይደጋገፋሉ። ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚሽከረከረው ከበሮ) ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው (ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው) ሊደርስበት ፑሽሮዱ የበለጠ መውጣት አለበት። ቀዝቃዛ ሲሆን ጫፍ ላይ የነበረ ፑሽሮድ ሲሞቅ ቻምበሩ ውስጥ ያለው ቦታ ያልቅበታል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢረገጥ ኃይሉ ሸራው ጋ አይደርስም።

አሁንም ሊለካ ይችላል። «ጉዳት ስለደረሰበት መሞከር አልተቻለም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ «ሞተሩ አልነሣ አለ» ማለት ነው። ሞተር አያስፈልግም። ከውጭ ኮምፕሬሰር አምጥቶ አየር ለየቻምበሩ በቀጥታ መስጠት ይቻላል። መጀመሪያ በሞላው ክፍል በኩል አየር ገብቶ ሞላው ይጨመቃል፣ ፑሽሮዱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከቻምበሩ ፊት ላይ ፑሽሮዱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ በመደበኛው ፍሬን በኩል ከ6.2 እስከ 6.9 ባር ይሰጥና ምልክቱ ስንት ሚሊሜትር እንደወጣ ይለካል። በሰሜን አሜሪካ መለኪያ ተራው 30 ቁጥር ቻምበር ከ51 ሚሊሜትር፣ 24 ቁጥር ከ45 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ረጅም ምት ያለው 30 ቁጥር እስከ 64 ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ የቻምበሩን ዓይነት ሳይጽፉ ሚሊሜትር ብቻ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ከመለካቱ በፊት ስላክ አጃስተሩን (የፑሽሮዱን ልክ የሚያስተካክለውን ክፍል) ማንም በቁልፍ እንዳይነካው። ነክቶትም ከሆነ ይታወቃል፤ የማስተካከያው ጭንቅላት ላይ አቧራውና ዝገቱ ተልጦ አዲስ የቁልፍ ጠርዝ ያበራል።

ከዚያ ታምቡሩ ይወጣል። ስድስቱም እግር (ጥንዱ ጎማ እንደ አንድ እግር ተቆጥሮ)፣ አንዱም ሳይቀር። የጋለ ፍሬን ሸራው እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ዳሩ ይከስላል፤ ታምቡሩ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብና የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ፤ የሞዮው (የጎማው ማዕከል) ግራሶ ቀልጦ ይፈሳል። እዚህ ላይ ግን ንጽጽሩን እዩ። ስድስቱም እኩል ከጋሉ ፍሬኖቹ ሁሉ ሠርተዋል፣ ሾፌሩ ቁልቁለቱን ሙሉ በፔዳል ወርዷል ማለት ነው። ሁለቱ ተቃጥለው አራቱ ውስጣቸው የዛገ ከሆነ ግን ሁለቱ የስድስቱን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ያ የአንድ ቀን ጥፋት አይደለም፣ የጋራዥና የባለንብረት ጉዳይ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ ካለ ደግሞ ዘይቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚፈስ ተመልከቱ። በአደጋው የፈሰሰ ዘይት ንጹሕ ነው፣ የቆየው ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጠንክሯል። የተቆረጠ የአየር ቱቦም እንዲሁ ነው፤ በግጭት የተበጠሰው ዳሩ ትኩስና የተቀደደ ነው፣ ከሻሲ ጋር ሲፋተግ ያለቀው ግን ውጩ ተልጦ ውስጡ ያለው ክር ይታያል።

ጀማሪ ጠበቃ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፕላኑን ደግሜ አየሁት፤ ፎቶዎቹንም። ምልክቱ አንድ መስመር ነው፣ ጥንድ ጎማ ነው፣ ከግራ በኩል። ቀጥ ያለ ነው። በቀኝ በኩል ምንም የለም። ከኋላ ግራ ነው ብዬ መገመት እችላለሁ?

ፕላን አንሺ

ጥንድ ጎማ ከሆነ ከኋላ ነው፤ የፊቱ ነጠላ ነውና። እንግዲያው 67ቱን እርሱት፣ 80ውንማ ተዉት።

የግራ የኋላ ጎማዎች ብቻ ከቆለፉ የቆለፈው ክፍል የሚሸከመው ከጠቅላላ ክብደቱ ወደ 40 በመቶ ቢሆን ነው። 0.56 × 0.4 ሲባዛ 0.224 ይሆናል። ተዳፋቱ ግን ሙሉውን መኪና ስለሚገፋ 0.07 ሙሉው ይቀነሳል፤ 0.154። 254 × 0.154 × 36 ሲባዛ 1,408፣ ስኩዌር ሩቱ 37.5። ያው 36 ሜትር፣ አንዴ 80፣ አንዴ 67፣ አንዴ 37። ሌሎቹ ጎማዎች ሳይቆልፉ ትንሽ ይዘው ከነበረ ከ37 ከፍ ይላል። ምን ያህል ይዘው እንደነበር የሚነግረን ደግሞ ታምቡር የዘረዘረው ምርመራ ነው። ያለ እሱ ከዚህ ምልክት ላይ አንድ ቁርጥ ያለ ፍጥነት ማውጣት አይቻልም።

ይህ ማለት ሾፌሩ ቀስ ብሎ ነበር ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። የፍጥነት ማስረጃው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ መኪናው ጂፒኤስ ካለው ከመዝገቡ (ቶሎ ጠይቁ፣ አንዳንዱ አሮጌውን እየደመሰሰ ነው የሚሄደው)፣ በመንገዱ ዳር ካለ የሱቅ ወይም የነዳጅ ማደያ ካሜራ፣ ከግጭቱ ስሌት። ጂፒኤሱ በየ30 ሰከንዱ የሚመዘግብ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሆነውን አያሳይም፤ ከዚያ በፊት በቁልቁለቱ እንዴት እንደወረደ ግን በደንብ ያሳያል። ለዚህ መዝገብ የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

ሌላው፣ ሚኒባሱን አትርሱት። ቆሞ ነበር ወይስ እየሄደ? የኋላ ፍሬን አምፖሉ ይወጣና ክሩ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በርቶ እያለ የተመታ ክር ስለጋለ ይለጠጣል፣ ይጣመማል። ጠፍቶ የተመታ እንደነበረ ይቀራል ወይም ቀጥ ብሎ ይሰበራል። መስተዋቱ ተሰብሮ ክሩ በርቶ ከነበረ ክሩ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ዱቄት ይቀራል። «ይሠራል ወይ» ብሎ ባትሪ ላይ የሚሞክረው ሰው ማስረጃውን ያጠፋዋል። ኤልኢዲ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም።

ዳገትና ቁልቁለት

መንገድ ላይ ነው የምሠራው፤ ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። «7 በመቶ» የሚለው ከየት መጣ? ከዲዛይን ወረቀት ከሆነ ቦታው ላይ ይለካ። 120 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ፣ የውኃ ልክ፣ ሜትር በቂ ነው። ጣውላው እስኪስተካከል የታችኛው ጫፍ 8.4 ሳንቲ ሜትር ከተነሣ 7 በመቶ ነው። ምልክቱ ባለበት በየ10 ሜትሩ ልኩት፣ ቁልቁለት አንድ ዓይነት ሆኖ አይወርድም።

ከዚያ ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። አደጋው የደረሰው ቁልቁለቱ ከጀመረ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? ይህ ጥያቄ በመዝገብ ላይ ሲጻፍ እምብዛም አይታይም፣ መልሱ ግን ብዙውን ይፈታል። ፍሬን በሙቀት ለመክዳት ርቀት ይፈልጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል፤ እዚያ ታች አካባቢ «ፍሬን ከዳኝ» የሚል ቃል ሙቀትን ያስጠረጥራል። ቁልቁለቱ ከተጀመረ 500 ሜትር ላይ ቢሆን ግን ሙቀት ብቻውን አያስረዳውም፣ ሌላ ብልሽት መፈለግ አለበት።

ጭነቱንም አስሉት። የገልባጩ ሳጥን 16 ሜትር ኩብ ከሆነና ሙሉ ደረቅ አሸዋ ከያዘ በ1.6 ቶን ሂሳብ 25.6 ቶን ነው። አሸዋው እርጥብ ከነበረ 30 ቶን ይጠጋል። የመኪናው ባዶ ክብደት 12.5 ቶን ቢሆን በደረቁ እንኳ ጠቅላላው 38 ቶን ነው። 38 ቶን በ7 በመቶ ቁልቁለት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሳይጨምር እንዲወርድ ወደ 435 ኪሎ ዋት የሚሆን ኃይል የሆነ ቦታ መዋጥ አለበት፤ የጎማው መንከባለልና ነፋሱ የሚበሉት ከዚህ ትንሹን ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግማሹ ነው። የጭስ ማውጫ ፍሬን ብቻ ያለው ሞተር 435ን አይችለውም፣ ትርፉ በሙሉ ታምቡር ላይ ነው የሚያርፈው። በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ መውረድ የሚባለው ነገር ለወግ አይደለም።

ስለዚህ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ይታይ። የማርሽ ዱላው በግጭት ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ዱላውን አይታችሁ አትፍረዱ፤ የላይኛው ክዳን ተከፍቶ ውስጥ ያለው ሹካ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ ይታያል። ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ከሆነ ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ በፎሌ ሲወርድ ነበር ወይስ ማርሽ ሊቀንስ ሲል አልገባለት ብሎ ቀረ የሚለው ክርክር ይከተላል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ፍጥነቱ ካለፈ በኋላ ከባድ ማርሽ አይገባም።

ታምቡር

የግራ ጥንድ ብቻ መቆለፉን ሳነብ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ቀረብኝ። በባለ አሥር ጎማ ላይ ሞላ ያላቸው ቻምበሮች ከኋላ በሁለቱም በኩል ናቸው። አየር ቢያልቅ ግራም ቀኝም አብሮ መቆለፍ ነበረበት። በፔዳል ቢያዝም ቀኙ ቢያንስ ጭላንጭል ምልክት ይተው ነበር። ቀኙን ምን ከለከለው?

የቀኝ የኋላ ቻምበሮችን ጀርባ እዩ። ቻምበሩን ለመፍታት ሞላውን ጨምቆ የሚይዝ ረጅም ቡሎን አለ፤ ቦታው ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የቻምበር ላስቲክ ሲቀደድ መኪናው አየር እያፈሰሰ አልነቃነቅ ይላል። መለዋወጫ እስኪገኝ ተብሎ ቡሎኑ ከኋላ ገብቶ ሞላው ይታሰራል፣ የአየር ቱቦውም ይታጠፍና በሽቦ ይጠፈራል ወይም በቡሎን ይደፈናል። መኪናው ይሄዳል፣ ያ እግር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሬን የለውም። ለሁለት ቀን የተባለው ወር ይሞላዋል።

ችግሩ በክሬን ያነሣው ሰውም መኪናውን ለመጎተት ይህንኑ ቡሎን አስገብቶ ሊሆን ይችላል። መለየት ግን ይቻላል። ለመጎተት የገባ ከሆነ በአራቱም ላይ ይገኛል፣ ጥርሱ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው ያለው ጭቃ ተሰብሯል። የቆየ ከሆነ ቡሎኑና ቻምበሩ በአንድ ጭቃ ተለስነዋል፣ ጥርሱ ዝጓል። ቱቦው ከታጠፈ ደግሞ እጥፋቱ ላይ ላስቲኩ ተሰንጥቆ ነጥቷል፤ በአንድ ቀን እንዲያ አይሆንም። ጎታቹ ምን እንደነካ አሁኑኑ ጠይቁትና በጽሑፍ ይስጥ።

አንጋፋው ጠበቃ

ለባልደረባዬ፣ ከሕጉ በኩል በአጭሩ። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 543(3) ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው በቸልተኝነት ሲሞት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ስለዚህ መዝገብዎ ላይ ያለው ዋና ጭብጥ የንዑስ ቁጥሩ ሳይሆን ቸልተኝነት አለ ወይ የሚለው ነው። ቁጥር 57(2) በድንገተኛ ነገር የደረሰውን ከቅጣት ያወጣል፣ ቁጥር 59 ደግሞ ቸልተኝነትን ይተረጉማል። የቆየ የታሰረ ቻምበር ከተገኘ ሾፌሩ ነፃ ወጣ ብለው እንዳይቸኩሉ። የሚቀጥለው ጥያቄ ያውቅ ነበር ወይ፣ ማወቅስ ነበረበት ወይ የሚለው ነው። ጠዋት ሲነሣ ዙሪያውን የሚያይ ሾፌር በሽቦ የተጠፈረ ቱቦ አይስተውም። ያሰረውና ያሳሰረው ሰው ኃላፊነት ግን ያኔ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የመለዋወጫ ግዢና የመጨረሻው ቦሎ ምርመራ ቀን ይሰብሰቡ። የቦሎ ወረቀት በዚያ ቀን የነበረውን ይናገራል፣ ስለ አደጋው ቀን ምንም አይልም።

የፍትሐ ብሔሩ ክስ ከዚህ ሁሉ ይለያል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ያለ ጥፋትም ይጠየቃል፤ የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ብሎ ማምለጥም ቁጥር 2086 አይፈቅድለትም። «ፍሬን እምቢ አለ» ለባለንብረቱ በዚያ በኩል መከላከያ አይሆነውም።

ፍርድ ቤቱ ተጨማሪ ምርመራ እንዲያዝ ያመልክቱ፤ ማመልከቻው ላይ «ይመርመር» ብቻ አይበሉ። ምን እንዲለካ በቁጥርና በክፍል ዘርዝሩት፤ ከላይ ያለው ዝርዝር በቂ ነው። እስከዚያው መኪናው እንዳይነካ እግድ ይጠይቁ።

ጀማሪ ጠበቃ

አቤቱታውን እያዘጋጀሁ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ ለታምቡር፤ ሲፈታ ምን ልጠንቀቅ?

ታምቡር

መፍታት ከመጀመሩ በፊት የሁሉም ቻምበር፣ ቱቦና ቡሎን ፎቶ ከሩቅም ከቅርብም ይነሣ፣ ሜትር አብሮ ይታይበት። ሁለቱም ወገን ባለበት ይፈታ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ፤ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ የፑሽሮድ ልክ፣ ከዚያ ታምቡር ማውጣት፣ በመጨረሻ ቻምበር መክፈት። ሞላ ያለበትን ቻምበር ያለ ቡሎን የሚከፍት ሰው ካለ ከአጠገቡ ራቁ፣ ያ ሞላ ሰው ይገድላል። የተሰበረ ብረት ካለ ሁለቱን ስባሪ እንዳያገጣጥሙት፣ ፊቱም እንዳይጠረግ፤ አሮጌ ስንጥቅ ዝገቱ ላይ ነው የሚነበበው።

የየእግሩ ሸራ ሲወጣ «ፊት ግራ»፣ «መካከለኛ ቀኝ»፣ «የመጨረሻ ቀኝ» ተብሎ ተጽፎበት ለየብቻ ይታሸግ። አንድ ጆንያ ውስጥ የተከተተ ሸራ የየትኛው እግር እንደነበር በኋላ ማንም አይለየውም።